ይህ ግጥም ፈተና ላይ ይመጣል?

የብርዱ ከተማ መምህርት፦

ሰላም ለእናንተ መምህራን። ደብረ ብርሃን በሚገኝ አንድ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የ12ኛ ክፍል እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። ዘጠነኛ ዓመቴ ነው። በአንድ ክፍል 61 ተማሪ አለኝ፤ ለሦስት በተሠራ ዴስክ አራት ሆነው ይቀመጣሉ፤ ለብርዱ እንኳ ሳይበጅ አልቀረም።

ከጥር ወዲህ ሥራችን ያለፉትን ዓመታት ፈተና መሥራት ብቻ ሆኗል። ጥያቄውን አነባለሁ፣ «መልሱ ቢ ነው» እላለሁ፣ ለምን ቢ እንደሆነ ግማሹ ሳይገባው ወደሚቀጥለው እናልፋለን። የቅዳሜው ማጠናከሪያ ትምህርትም ያው ነው። ባለፈው ማክሰኞ ግን አላስቻለኝም። አምስተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ የአሜሪካዊውን ሐኪምና ገጣሚ የዊልያም ካርሎስ ዊልያምስን አንዲት አጭር ግጥም ሰሌዳው ላይ ጻፍኩ። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1934 የታተመች ናት፤ 12 ስንኝ፣ በጠቅላላው 28 ቃል፣ አንድም ሥርዓተ ነጥብ የሌላት። ሰውየው በበረዶ ሳጥኑ፣ ማለትም ከፍሪጅ በፊት ምግብ በበረዶ ይቀዘቅዝበት በነበረው ሳጥን ውስጥ የነበረውን ፕሪም በልቷል፤ ለቁርስ ተብሎ የተቀመጠ ሳይሆን እንዳልቀረም ያውቃል፤ ይቅርታ ይጠይቅና ግን በጣም ጣፋጭ፣ በጣም ቀዝቃዛ ነበር ይላል። ይኸው ነው።

ክፍሉ ነቃ። የበረዶ ሳጥን ምን እንደሆነ ስነግራቸው «እዚህ ከተማ ምን ይሠራል? መስኮት ላይ ማሳደር ነው» ያለች ልጅ ሁሉንም አሳቀች። ከዚያ ከኋላ አንድ እጅ ወጣ።

«ቲቸር፣ ይህ ግጥም ፈተና ላይ ይመጣል?»

ልጁ ሰነፍ ቢሆን ኖሮ ባልጻፍኩላችሁ። ጎበዝ ነው፤ ጠዋት ጠዋት ከአንድ ሰዓት በላይ በእግሩ ተጉዞ የሚመጣ ነው። «አይመጣም» አልኩት። ምንም ሳይናገር የጥያቄ ወረቀቱን አውጥቶ መሥራት ጀመረ። ከፍቶኝ ነበር፤ ግን ምን ብዬ ልቆጣው? በ2014 ዓ.ም. ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈታኞቹ 3.3 በመቶ ብቻ እንደነበሩ እርሱም ያውቃል።

ግጥም አእምሮን ያሰፋል፣ ነፍስን ይመግባል አትበሉኝ፤ እርሱን አውቀዋለሁ። ጥያቄዬ ከፈተናው ዝግጅት ደቂቃ ሳልሰርቅ ግጥም ማስተማር የምችልበት መንገድ አለ ወይ ነው። ወይስ ፈተናው እስኪያልፍ ልተወው?

ጡረተኛው ጠመኔ፦

ልጄ፣ ፈተናው ማትሪክ በሚባልበት ዘመን ጀምሬ 34 ዓመት እንግሊዝኛ አስተምሬያለሁ። ያንን ጥያቄ ስንት ጊዜ እንደተጠየቅሁት እግዚአብሔር ይወቀው። የተሳሳትሽው «አይመጣም» ያልሽው ላይ ነው። ግጥሟ አትመጣም፤ በውስጧ ያለው ሰዋስው ግን በየዓመቱ ይመጣል።

የመጀመሪያውን ግሥ ተመልከቺ። ገጣሚው «ሃቭ ኢትን» (በልቻለሁ) አለ እንጂ «ኤት» (በላሁ) አላለም። ልጆችሽ «ሲንስ» ወይም «ኦልሬዲ» ካያችሁ እንደ «ሃቭ ኢትን» ያለውን ፕረዘንት ፐርፌክት ምረጡ ተብለው ያደጉ ናቸው። እነዚህ ምልክቶች የሌሉበት ዓረፍተ ነገር ሲመጣ መንገድ ይጠፋቸዋል። በዚህች ግጥም ውስጥ ሁለቱም የሉም። ያለው ባዶ ሳጥን ነው። ፍሬው የተበላው ሌሊት ሊሆን ይችላል፤ ጣጣው ግን ገና አሁን ነው፣ ቁርስ ፈላጊው መጥቶ ሲከፍተው። ይህንን ለማስረዳት ሰንጠረዥ አያስፈልግሽም። «ፕሪሙን በላሁት» እና «ፕሪሙን በልቼዋለሁ» ብለሽ ሁለቱን በአማርኛ ጻፊላቸውና ይቅርታ መጠየቂያው ወረቀት ላይ የትኛው ይሻላል ብለሽ ጠይቂ። ማንም ሳያስተምራቸው ያውቁታል። የሚያውቁትን ካስያዝሽ በኋላ እንግሊዝኛውን አስከትይ።

ቀጥሎ «ወር ሴቪንግ» አለልሽ፤ ያኛው ሰው ፍሬውን ለቁርስ እያሰበ ሳለ ይኼኛው መጣበት። ከዚያ ደግሞ አያያዦቹ «ዛት» እና «ዊች» በአንድ ትንፋሽ ተከታትለው ይመጣሉ። በ28 ቃል ውስጥ ይህን ሁሉ የሚሰጥሽ የጥያቄ ወረቀት ካገኘሽ ላኪልኝ።

አሠራሩን ልንገርሽ። ሰሌዳው ላይ አትጻፊው። ደብተር አዘግተሽ አንድ ጊዜ ቀስ ብለሽ አንብቢላቸው፤ በሁለተኛው ይጻፉ፤ በሦስተኛው ያርሙ። ከዚያ ስድስት ቃል አስፍቂና ክፍት ቦታ አድርጊው። እስከዚህ ሁሉም መምህር የሚያደርገው ነው። ልዩነቱ ምርጫዎቹን የሚያወጡት ተማሪዎቹ መሆናቸው ነው። ትክክለኛው መልስ በእጃቸው ነው፤ የእነርሱ ሥራ ሦስት አሳሳች ምርጫ መፈለግ ነው። ሕጉ አንድ ነው፤ የጎረቤቱን ዴስክ ያላሳተ ምርጫ አይቆጠርም። አሳሳች ለማውጣት የሚታገል ልጅ ፈታኙ ወንበር ላይ ተቀምጦ ያስባል። ለምን «ኤት» ሰውን እንደሚያታልል የገባው፣ እርሱ ራሱ በእርሱ አይታለልም።

አንድ ነገር ልጨምርና ልተውሽ። ነጥብ የላትም ብለሻል። ነጥቡን እነርሱ ያስገቡ። አራት ነጥቡ የት ነው? «እኔ» ከሚለው ፊደል ሌላ በስንኞቹ ውስጥ በትልቅ ፊደል የሚጀምር አንድ ቃል ብቻ አለ፤ «ፎርጊቭ»፣ ይቅር በለኝ የሚለው። ያንን ያየ ልጅ ዓረፍተ ነገሩ የት እንደሚያበቃ አገኘ ማለት ነው። እኔ ይህንን ለማስተዋል ዓመታት ፈጅቶብኛል፤ ያሳየችኝም የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነበረች።

ሌሊት አጥኚ፦

መምህርት፣ ሁለተኛ ዓመት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። ብሔራዊ ፈተናውን የወሰድኩት ከቤት ርቄ፣ በማላውቀው ግቢ፣ በሰው አልጋ አድሬ ነው። ጋሼ ያሉት ጥሩ ነው፣ ነገር ግን ከተፈታኙ በኩል ያለውን ልንገርዎት።

እኔን የጣለኝ ሰዋስው አልነበረም። ረጅሙ ምንባብ ነው። ትምህርት ቤት ሳለን ምንባቡን ዝለሉት፣ ጥያቄውን ብቻ አይታችሁ ቃሉን ወደ ኋላ ተመልሳችሁ ፈልጉ ተብለን ነበር። ፈላጊ ሆንን፣ አንባቢ አልሆንንም። ሦስተኛው ምንባብ ላይ ስደርስ ሰዓቱ ሊያልቅ ተቃርቦ ስለነበር የቀረውን ሁሉ ሲ ላይ አጠቆርኩት። «ካላወቅህ ሲ» የሚለውን ምክር የፈጠረው ሰው ቢገኝ ብዙ የምለው አለኝ። ፊዚክሱም ታሪኩም የሚጠየቀው በእንግሊዝኛ ስለሆነ፣ ዝግ ብሎ የሚያነብ ልጅ በሁሉም ትምህርት ይቀጣል።

ስለዚህ 28 ቃል ያነበበ ልጅ ሁለት ገጽ አነበበ ማለት አይደለም። ግጥሙን ያስተምሩ፣ ግን እባክዎ ከምንባብ ሰዓት አይቀንሱ። ከ«መልሱ ቢ ነው» ሰዓት ይቀንሱ። እርሱ ቢቀነስ ማንም አይጎዳም።

ቅኔ ቤት፦

አንድ ማስጠንቀቂያ ብቻ። የእኛ ልጆች ግጥም ሲባል ሰምና ወርቅ ፍለጋ ይገባሉ። እኔ ይህችኑ ግጥም ባለፈው ዓመት ሳስተምር ፕሪሙ የሰው ሚስት ናት ያለ ነበር፣ የለም የአዳም ፍሬ ናት ያለም ነበር፣ ክፍለ ጊዜው በክርክር አለቀ። ክርክሩ ደስ ይላል፣ እኔም ገብቼበት ነበር። ግን መጀመሪያ ሰሙን ያጥብቁት። ማን በላ? ምን በላ? ለማን ጻፈ? የፈተናው ምንባብ የሚጠይቀው እርሱን ነው። ወርቁ ቢኖርም ባይኖርም ለሻይ ሰዓት ይደርሳል።

የብርዱ ከተማ መምህርት፦

ሁለት ሳምንት ጠፋሁ፣ ይቅርታ። ሞክሬው ነው የመጣሁት።

ጋሼ፣ ያሉትን እንዳለ አደረግሁት። «በላሁት» እና «በልቼዋለሁ» ላይ ክፍሉ በአንድ ድምፅ ነው የመለሰልኝ፤ በዘጠኝ ዓመት ፕረዘንት ፐርፌክትን ሳስተምር እንዲህ ሆኖልኝ አያውቅም። አሳሳች ምርጫ ማውጣቱ ግን መጀመሪያ ላይ ተበላሸብኝ። «ዝሆን»፣ «አውሮፕላን» እያሉ ሲስቁ ሃያ ደቂቃ ሄደ። በማግሥቱ ሕጉን አጠበቅሁ፤ ከጎረቤት ዴስክ ሁለት ሰው ያሳተ ብቻ ሰሌዳ ላይ ይወጣል አልኩ። ያኔ ነገሩ ተለወጠ። መስኮት ላይ ማሳደር ነው ያለችው ልጅ «ወር ሴቪንግ» ለሚለው ቦታ «ሃቭ ቢን ሴቪንግ» የሚል ምርጫ አወጣችና ሰባት ሰው አሳተች። ከሰባቱ አንዱ እኔን የጠየቀኝ ልጅ ነበር። ተናደደ። ደወል ከተደወለ በኋላ ዴስኳ አጠገብ ቆሞ ለምን ስሕተት እንደሆነ ሲከራከራት ነበር፣ እኔን ሳይሆን እርስዋን።

ለሌሊት አጥኚ፦ ልክ ነህ። ሐሙስ ሐሙስ ክፍለ ጊዜው ሙሉ በሙሉ የምንባብ ሆኗል፣ በሰዓት፣ ማንም አይዘልም። ከ«መልሱ ቢ ነው» ላይ ነው የቀነስኩት። ሞዴል ፈተናው ገና ስለሆነ ውጤት ጨመረ ብዬ አልዋሽህም። ለቅኔ ቤት ደግሞ፣ የእኔም ክፍል አዳምን አልማረውም።

ዓርብ ዕለት እንደዚያች ግጥም አድርጋችሁ የራሳችሁን የይቅርታ ወረቀት በእንግሊዝኛ ጻፉ ብያቸው ነበር። የተበላ ቆሎ፣ የተወሰደ ጃንጥላ፣ የእናት የባንክ ደብተር ውስጥ የተገኘ መቶ ብር፣ ብዙ ነገር መጣ። ያ ልጅ አላስረከበም። ሰኞ ጠዋት ጠረጴዛዬ ላይ በአራት የታጠፈ ወረቀት አገኘሁ። እንደሚከተለው ይላል፣ እኔ ነኝ ወደ አማርኛ የመለስኩት፦

እርሳስዎን
ወስጃለሁ
ጠረጴዛው ላይ የነበረውን

ለፈተናው ቀን
ሳያስቀምጡት
አልቀሩም

ይቅር ይበሉኝ
በጣም ጥቁር ነበር
በጣም የተቀረጸ

ግሦቹ ሁሉ ትክክል ናቸው። እርሳሴን ፈለግሁት። የለም።