የሐይቃችን ዳር ይታጠር ወይስ ክፍት ይቆይ? የደሴት አገሮችን አይተን እንከራከር

የውይይቱ ከፋች፦ የተከበራችሁ የሐዋሳ ልጆች፣ ሰሞኑን አንድ አባላችን የማልዲቭስን ባሕር ዳርቻ ፎቶ ለጥፎ «ሐይቃችንም ለሪዞርቶች ተከፋፍሎ ቢያዝ እንዲህ ያምር ነበር» ብሎ ከጻፈ ወዲህ ሐሳቡ ብዙዎቻችንን እያነጋገረ ነው። ስለዚህ ጥያቄውን በግልጽ ላቅርበው። የሐዋሳ ሐይቅ ዳርቻ በይዞታ ተሸንሽኖ ለባለሆቴሎች ቢሰጥ ይሻላል ወይስ ከውኃው ጠርዝ ጀምሮ ያለው መሬት ለማንኛውም እግረኛ ክፍት ሆኖ ይቆይ? ያየነውንና የምናውቀውን ይዘን እንነጋገር።

አስጎብኚው፦ ፎቶውን የለጠፍኩት እኔ ነኝ፤ ሐሳቤንም አላጥፍም። ማልዲቭስ ወደ 1,200 የሚጠጉ ትንንሽ ደሴቶች ያሏት አገር ስትሆን፣ የመጀመሪያው ሪዞርት እ.ኤ.አ. በ1972 ከተከፈተ ወዲህ የተከተለችው መንገድ አንድን ደሴት ለአንድ ሪዞርት መስጠት ነው። እንግዳው በጀልባ ወይም ውኃ ላይ በሚያርፍ ትንሽ አውሮፕላን ይደርሳል፤ ከዚያ በኋላ ለአሸዋውም፣ ለዛፉም፣ ለጽዳቱም ተጠያቂው አንድ አካል ነው። እኔ እንግዳ ይዤ ፍቅር ሐይቅ ወደሚባለው የሐይቃችን ዳርቻ ስወርድ የሚቀበለኝ ግን የፕላስቲክ ጠርሙስ፣ የሸንኮራ ምጣጭና የጫት ገረባ ነው። እንግዳዬ ካሜራውን ወደ ውኃው ሲያነሣ እኔ ገረባውን በእግሬ ወደ ሣር ስገፋ የዋልኩበት ቀን አለ። የሁሉም የሆነ ነገር ጠባቂ አጥቶ ሲበላሽ እያየን ዝም ማለት አይገባንም።

መምህርቷ፦ ወንድሜ፣ ስለ ገረባውና ስለ ጠርሙሱ የጻፍከው እውነት ነው፤ ተማሪዎቼን ይዤ በወረድኩ ቁጥር እኔንም የሚያሳፍረኝ ይኸው ነው። የማልዲቭስ ምሳሌ ግን ለእኛ የሚሆን አይመስለኝም፤ ምክንያቱም እዚያ ለሪዞርት የተሰጡት ደሴቶች በአብዛኛው ነዋሪ ያልነበረባቸው ሲሆኑ ሕዝቡ የሚኖረው በሌሎቹ ላይ ነው። የእኛ ሐይቅ ዳር ግን ሰው የሌለበት ሆኖ አያውቅም። ማልዲቭስ ራሷም በዚያ መንገድ ብቻ አልቀረችም፤ ማፉሺን በመሳሰሉ ነዋሪ ባለባቸው ደሴቶች አነስተኛ የእንግዳ ማረፊያዎች ተከፍተው፣ ለጎብኚዎች የዋና ልብስ የሚፈቀድበት ዳርቻ ተለይቶ፣ የቀረው መንደር በራሱ ሥርዓት ይኖራል።

ሲሸልስን እንመልከት። እዚያ ዳርቻው በሕግ የሕዝብ ነው፤ ከባሕሩ ፊት ለፊት ምንም ያህል ውድ ሆቴል ቢቆም አሸዋው ላይ ጨርቁን አንጥፎ የተቀመጠውን የአገሬውን ሰው ማስነሣት አይችልም። እንደ ሐዋሳችን ብስክሌት በበዛባት በላ ዲግ ደሴት፣ በግዙፍ የግራናይት ድንጋዮቹ የሚታወቀውን የአንስ ሱርስ ዳርዣን ዳርቻ ለማየት የሚሄድ ሰው የሚያልፈው በአንድ የእርሻ ይዞታ ውስጥ ስለሆነ የመግቢያ ክፍያ ይከፍላል፤ ይህን የምጠቅሰው ክፍያና ክፍትነት አብረው ሊሄዱ እንደሚችሉ ስለሚያሳይ ነው። ባርቤዶስም ብንሄድ ዳርቻዎቹ የሕዝብ ናቸው፤ በምዕራብ በኩል ሕፃን የሚዋኝበት ጸጥ ያለ ባሕር፣ በምሥራቅ ባትሼባ ላይ ደግሞ ሞገድ ጋላቢዎች የሚፈልጉት የአትላንቲክ ውኃ አለ። ሰው ጠዋት አንዱን፣ ከሰዓት ሌላውን የሚያየው በመካከል የሚያግደው አጥር ስለሌለ ነው። ይህን ሁሉ ዓይነት ልምድ አንድ ሪዞርት በግቢው ውስጥ ሊያቀርበው አይችልም።

ነርሷ፦ መምህርት ባነሡት ላይ ዛንዚባር ያየሁትን ልጨምር። በሰሜን ጫፍ፣ ኑንጉዊ ላይ፣ ባሕሩ ብዙም ስለማይሸሽ ቀኑን ሙሉ መዋኘት ይቻላል። በምሥራቅ በኩል ፓጄ ላይ ግን ውኃው ሲጎድል ከዳርቻው እጅግ ይርቅና ማለዳ ባሕር የነበረው ቦታ እኩለ ቀን ላይ ጭቃማ ሜዳ ይሆናል። ያኔ የመንደሩ ሴቶች ይወርዳሉ። አሸዋው ውስጥ በተተከሉ አጫጭር ካስማዎች መካከል ገመድ ወጥሮ፣ በገመዱ ላይ የባሕር አረም በትንንሽ ክር እየቋጠሩ ማልማት ከእ.ኤ.አ. 1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የብዙ እናቶች መተዳደሪያ ነው። አንዲት እናት ቀሚሷን እስከ ጉልበቷ ሰብስባ የረጠበውን ጆንያ ከሆቴሉ ወንበሮች ፊት ለፊት አቋርጣ ስታልፍ አየሁ፤ ማንም አላስቆማትም፤ እርሷም መንገዷን አልቀየረችም። ለእኔ ከጉዞው ሁሉ በልቤ የቀረው ይህ ነው።

ከሙያዬ አንጻርም የምለው አለኝ። የደሴት እንግዳ አሸዋውን ቢነፍጉት ባሕሩ ይቀርለታል፤ ይዋኛል፣ ጠልቆ ዓሣና ኮራል የሚባለውን ድንጋይ መሰል የባሕር ፍጥረት ያያል። የእኛ ሐይቅ ግን ጨው አልባ ስለሆነ የቢልሃርዝያ ተሸካሚ ቀንድ አውጣ ይኖርበታል፤ ጉማሬም አለ። ስለዚህ ሐዋሳ ላይ ሐይቁን ማየት ማለት በአብዛኛው በዳሩ መሄድ፣ መቀመጥ፣ ዓሣ መብላትና ጀልባ መሳፈር ነው። ዳሩ ከታጠረብን ሐይቁ ራሱ ቀረብን ማለት ነው።

የዓሣ አጥማጁ ልጅ፦ አባቴ ያሳደገን ሐይቁ ዳር ባለው የዓሣ ገበያ፣ በአሞራ ገደል ዓሣ ነው። ማለዳ ታንኳው ሲጠጋ መረቡ ገና ውኃ እያንጠባጠበ ልጆቹ ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ ተቀብለው በቢላዋ ቅርፊቱን ይፍቃሉ፤ አባ ኮዳ የሚባለው ትልቅ ወፍ ከጀርባቸው እንደ ሽማግሌ ቆሞ አንጀቱ እስኪጣልለት ይጠብቃል፤ ሠራተኛው፣ ተማሪው፣ ባለ ባጃጁ በዳጣ ይበላል። አስጎብኚ ወንድማችን እንግዶቹን ይዞ የሚመጣው ይህን ለማሳየት መሆኑን አውቃለሁ። ከዚህ ቀደም አንድ ሆቴል አጥሩን እስከ ውኃው በማውረዱ አባቴ መረቡን ተሸክሞ በዋናው መንገድ መዞር ነበረበት። ጉዱማሌ አደባባይ ላይ በየዓመቱ የሚከበረው የሲዳማ ዘመን መለወጫ፣ እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የተመዘገበው ፍቼ ጫምባላላ፣ የሚከበረውም በዚሁ ሐይቅ ዳር ነው። ይህን ሁሉ ሕዝብ በየትኛው በር እናስገባው?

አስጎብኚው፦ የአባትህ ነገር ልቤን ነክቶኛል፤ አጥር እስከ ውኃው ይውረድ የሚለውን አልደግፍም። ክፍት ማድረግ ብቻውን ግን መልስ አይደለም። በታይላንድ ማያ ቤይ የሚባለው ዳርቻ በፊልም ከታወቀ በኋላ በሰው ብዛት ኮራሉ ስለተጎዳ እ.ኤ.አ. በ2018 ተዘግቶ የተከፈተው በ2022 ነው። የፊሊፒንስ ቦራካይም በዚያው በ2018 ለስድስት ወር ተዘግቷል። ክፍት የነበሩ ናቸው እኮ።

መምህርቷ፦ ቦራካይን ማንሣትህ ጥሩ ነው፤ ምክንያቱም ደሴቱ ከተዘጋባቸው ዋና ምክንያቶች አንዱ ከሆቴሎችና ከንግድ ቤቶች ወደ ባሕሩ ይለቀቅ የነበረው ፍሳሽ ነበር። በእድሳቱም ወቅት ከባሕሩ ጠርዝ 30 ሜትር ውስጥ የተሠሩ ግንባታዎች እንዲነሡ ተደርጓል። እኔ የምጠይቀው ይህንኑ ነው። ሆቴሉ ይሠራ፣ ገቢም ያግኝ፣ ነገር ግን ከኋላ ይሁን፤ ፊት ያለው መንገድ የእግረኛና የታንኳ ይሁን።

አስጎብኚው፦ 30 ሜትሩን እቀበላለሁ። ጽዳቱን የሚከፍለው ማን እንደሆነ ግን ሳንስማማ እንዳናልፍ። እኔ ከሆቴሎቹና ከእኛ ከአስጎብኚዎች በየወሩ ቢሰበሰብ፣ ከእግረኛው ግን ምንም ባይጠየቅ እላለሁ።

የዓሣ አጥማጁ ልጅ፦ የአጥማጆች ማኅበራትም ይጨመሩ፤ የዓሣውን አንጀት በየቦታው የምንጥለው እኛም ነን። እሑድ ጠዋት አሞራ ገደል ላይ ጆንያና አካፋ ይዤ እጠብቃለሁ፤ መምጣት የምትችሉ ከ1 ሰዓት በፊት ድረሱ፣ ከዚያ በኋላ ታንኳዎቹ ይገባሉ።