ቆርቆሮው ይምጣ፤ ቲሸርቱስ?

አወያይ፦ ሰላም የሰፈር ሰዎች። ለክረምቱ የአረጋውያን ቤት ጥገና አንድ ኩባንያ ቆርቆሮና ሚስማር ልስጥ ብሏል። በምትኩ የምንሠራው ሁሉ ስሙ ያለበትን ቲሸርት እንድንለብስ፣ በየቤቱ ደጃፍም ባነሩ እንዲሰቀል ይፈልጋል። እንቀበል ወይስ ይቅርብን? ስድብ የለም።

የአራዳው፦ ይሄ ምን ያከራክራል? ሐምሌ ሌሊት ሳፋና ባልዲ ደርድረው ፍሳሽ ሲቀበሉ የሚያድሩ እናት የሰጪው ስም ምናቸው ነው? ባነሩን እኔው ራሴ እሰቅለዋለሁ።

የማራኪዋ፦ ቆርቆሮውን ማን ጠላ? እኔን ያንገበገበኝ ባነሩ ነው። የእናትየው ችግር በራቸው ላይ ተለጥፎ ይክረም? ዓምና የሆነውን ረሳችሁት? ስሙ ይቆየንና፣ አንድ ድርጅት ሠራተኞቹን በአውቶቡስ አመጣ። የፊት ለፊቱን ግድግዳ ቀቡ፣ ቡሩሽ እንደያዙ ፎቶ ተነሱ፣ ከምሳ በፊት ውልቅ። ጣሪያውን በነሐሴ ጭቃ የጨረስነው እኛ ነን። ጥምቀት ላይ ምንጣፍ የሚያነጥፉትን ልጆች እዩ፤ ታቦቱ ያለፈበትን ጠቅልለው፣ በትከሻ ተሸክመው፣ በሕዝቡ መሀል ሮጠው እንደገና ከፊት ይዘረጉታል። ማን ከፈላቸው?

የአራዳው፦ እህቴ፣ ምንጣፉስ ከሰማይ ወረደ? የገዛው ሰው አለ እኮ።

የማራኪዋ፦ አለ። ስሙን ግን ምንጣፉ ላይ አላነበብኩም።

የዕድር ዳኛው፦ ልጆቼ፣ ደቦ ላይም ጠላውና ምሳው ከአንድ ሰው ቤት ነው የሚወጣው። የበላ መርቆ ይሄዳል። ማመስገን ምን ነውር አለው?

የማራኪዋ፦ ጋሼ፣ አንቱ በሚሉት ደቦ የሚያበላው ባለ እርሻው ነው። እዚህ የሚያበላው ሌላ፣ እርሻው የሌላ። እሱ ነው ልዩነቱ።

ነርሷ፦ እኔ ኩባንያውን ቆርቆሮ ብቻ መጠየቃችን ነው የሚገርመኝ። ሰውስ? ባለፈው ጣሪያ ስናፈርስ የተላጠ ሽቦ አገኘን፤ የሚነካው ጠፍቶ ሁለት ቀን ቆምን። ኤሌክትሪሺያናቸውን ለግማሽ ቀን ደመወዙን ሳይቆርጡ ቢልኩልን ከመቶ ቲሸርት ይሻል ነበር። ደም ልገሳም እንዲሁ ነው። የተለገሰ ቀይ የደም ሴል ፍሪጅ ውስጥ ቢበዛ 42 ቀን ነው የሚቆየው። ለአንድ ቀን ዘመቻ ተሰልፎ ከሚጠፋ ሕዝብ፣ በየ3 ወሩ ተራ ገብተው የሚመጡ ሠራተኞች ያሉት መሥሪያ ቤት ይበልጥብኛል።

ሒሳብ ሠራተኛው፦ አንድ ነገር ልጨምር። በገቢ ግብር አዋጅ 979/2008 መሠረት ኩባንያ ለበጎ አድራጎት የሰጠውን፣ ታክስ ከሚከፈልበት ገቢው እስከ 10 በመቶ ድረስ በወጪ ይይዛል፤ ማለትም በዚያ ላይ ግብር አይከፍልም። ግን ማስረጃ ያስፈልገዋል። እኛ የሰፈር ልጆች ነን፤ ማኅተም የለን፣ ደረሰኝ የለን። ስለዚህ ሰውዬው ያለው አማራጭ ፎቶና ቲሸርት ነው! በአዋጅ 1113/2011 የተመዘገበ በጎ አድራጎት ድርጅት መሀል ቢገባ፣ ቆርቆሮውን ተረክቦ ደረሰኝ ይቆርጥለታል፣ እኛ ጉልበታችንን እንሰጣለን። ማን ምን ሰዓት ምን እንደሚያመጣ በአንድ ገጽ ይፈረም።

የአራዳው፦ ወረቀቱ እስኪያልቅ መስከረም ይጠባል።

ሒሳብ ሠራተኛው፦ የተመዘገበ ካገኘን ሳምንት አይፈጅም። እዚሁ ከተማችን ሞልቷል።

የማራኪዋ፦ ባነሩ ከቀረ እስማማለሁ። ቲሸርቱን የፈለገ ይልበስ፣ ጭቃ ሲነካው ስሙም አይነበብ።

አወያይ፦ እንግዲያው ነገ ጠዋት ከሒሳብ ሠራተኛው ጋር ሄደን እናናግራቸዋለን። ነርሷም ብትመጪ ጥሩ ነው፣ የኤሌክትሪሺያኑን ነገር አንቺ ታስረጃቸዋለሽ።

የዕድር ዳኛው፦ ሂዱ፣ ይቅናችሁ። ግን ከሁሉ በፊት የቆርቆሮውን ጌጅ፣ የውፍረቱን ቁጥር ማለቴ ነው፣ ጠይቁ፤ ቁጥሩ ሲያንስ ቆርቆሮው ይወፍራል። 35 ነው ካሏችሁ እንደ ወረቀት ነው፣ አንድ የሐምሌ በረዶ አይችልም። 28 ባይሆንላቸው 30 ይስጡን።