ከሞምባሳ ማሊንዲ በአንድ ቀን፣ እናቴን ይዤ ይሆናል?

ሚሚ ዘሐዋሳ (ጠያቂ)
ሰላም ቤተሰብ። በጥር መጨረሻ ለሥልጠና ኬንያ፣ ሞምባሳ እሄዳለሁ፣ እናቴንም ይዣት ልሄድ ነው። ባሕር አይታ አታውቅም፤ ትልቅ ውሃ ስትል የኛን ሐይቅ ማለቷ ነው። ነፃ የምሆነው ረቡዕ ብቻ ነው። አንድ አስጎብኚ በባሕሩ መንገድ ማሊንዲ ድረስ ወስዶ እንደሚመልሰን ነገረኝ። ፎርት ጂሰስ የሚባለው ምሽግ፣ ኪሊፊ፣ የገዲ ፍርስራሽ፣ ዋታሙ ላይ ጀልባ፣ ከዚያ ማሊንዲ፣ ሁሉም በአንድ ቀን! እናቴ ጉልበቷን ያማታል፣ ረቡዕ ደግሞ ጾም ነው። የምታውቁት ካላችሁ ንገሩኝ፣ ግን «ደስ ይላል ሂጂ» ብቻ አትበሉኝ።

የታቦር ልጅ
ደስ ይላል ሂጂ! ይቅርታ፣ አላስቻለኝም።
ወደ ቁም ነገሩ። ከሞምባሳ ማሊንዲ 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሲሰሙት ቀላል ይመስላል፣ ግን ከከተማው መውጣቱ ራሱ ሥራ ነው። የንያሊን ድልድይ ተሻግረሽ ምትዋፓ እስክታልፊ ድረስ ማታቱው (የነሱ ሚኒባስ) እና ከባድ መኪናው ሰዓትሽን ይበላዋል። ደግሞ «የባሕር መንገድ» ሲሉሽ ውሃው ዳር ዳሩን የምትሄጂ እንዳይመስልሽ። መንገዱ ከባሕሩ ገባ ብሎ ነው የሚያልፈው፤ የምታይው ኮኮናት፣ ቪፒንጎ ጋ የቃጫ እርሻ፣ አልፎ አልፎ ወፍራም የባኦባብ ዛፍ ነው። ውሃው ደህና አድርጎ የሚታየው ድልድዮቹ ላይ ነው፣ በተለይ ኪሊፊ። እዚያ ድልድይ የተከፈተው በ1991 እ.ኤ.አ. ነው፣ ከዚያ በፊት መኪናው በጀልባ ነበር የሚሻገረው። ስትሄዱ ባሕሩ በቀኝ በኩል ስለሆነ ማዘርን ቀኝ መስኮት ጋ አስቀምጫቸው። የካሹ ለውዝም እዚያው አካባቢ ግዢ።

አስጎብኚ ነኝ
እኔ እዚሁ ሐዋሳ እንግዳ ነው የማዞረው፣ ስለዚህ የሙያ ነገር ልንገርሽ። አምስት ቦታ በአንድ ቀን የሚባለው ለመሸጥ ነው። ፎርት ጂሰስ እዚያው ሞምባሳ ከተማ ውስጥ ስላለ አንድ ቀን ከሥልጠና ስትወጪ ታይዋለሽ። ማሊንዲንም እኔ ብሆን እተወዋለሁ።
ዋናው ግን ጀልባው ነው። ፍቅር ሐይቅ ጠዋትም ሂጂ ማታ ውሃው እዚያው ነው። ሕንድ ውቅያኖስ ግን በቀን ሁለቴ ይሞላል፣ ሁለቴ ይጎድላል። በሙሉ ጨረቃና ጨረቃ በምትወለድበት ሰሞን ልዩነቱ ሦስት ሜትር ያልፋል። ሰዓቱም በየቀኑ ወደ 50 ደቂቃ ይገፋል፣ ስለዚህ ባለፈው ሳምንት የሄደ ሰው የነገረሽ ሰዓት ላንቺ አይሠራም። ዋታሙ ላይ ውሃው ሲጎድል ጀልባው ራቅ ብሎ ይቆምና እስኪደርሱበት በእርጥብ አሸዋና በሚያንሸራትት ድንጋይ ላይ በእግር ነው። ድንጋዩ ሥር ረጅም ጥቁር እሾህ ያለው የባሕር እንስሳ ይደበቃል፤ ከወጋ እሾሁ ቆዳ ውስጥ ተሰብሮ ይቀራል። ለሚያመው ጉልበት ይሄ አይሆንም። ሰውየውን «የዚያን ረቡዕ ውሃው ስንት ሰዓት ይሞላል? እኛስ ስንት ሰዓት እንሳፈራለን?» በይው። ቀድሞ በሠንጠረዥ የሚታወቅ ነገር ነው። ሳያይ «ችግር የለም» ካለሽ ሌላ ፈልጊ።

የሞያሌ መስመር
ማሊንዲን መተዉ አልተዋጠልኝም። ቫስኮ ዳ ጋማ በ1498 የደረሰበት ከተማ እኮ ነው፣ ሐውልቱም ባሕሩ ጠርዝ ላይ ነው የቆመው። ግን እናት ይዘሽ ከሆነ እሺ፣ ይቅር።
ለኬንያ ቪዛ አያስፈልግሽም፤ የቢጫ ወባ ካርድ ግን ለሁለታችሁም ያዢ። ፌስታል አትያዢ፣ ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ክልክል ነው። ዋታሙ የባሕር ፓርክ ስለሆነ የፕላስቲክ ውሃም ይዞ መግባት አይቻልም፣ ኮዳ ያዢ። መግቢያው በዋጋው ውስጥ መኖሩን ጠይቂ፤ ለአገሬውና ለውጭ ሰው ዋጋው ለየብቻ ነው። ብቻሽን ብትሆኚ በማታቱ ሂጂ እልሽ ነበር።

ቅመም ወዳጅ
ለጾሙ አታስቢ። የኬንያ ጠረፍ ሰው ባቄላውንም አተሩንም በኮኮናት ወተት ነው የሚሠራው። «ማሃራግዌ ያ ናዚ» ብለሽ እዘዢ። ጠዋት ማሃምሪ አለ፣ ሄል የገባበት ቦንቦሊኖ በይው፤ አንዳንዱ ቤት ግን ወተት ስለሚጨምር ጠይቂ። ቻፓቲውንም በምን እንደተጋገረ ጠይቂ።
ገዲን ደግሞ እንዳትዘሉት! ጫካ ውስጥ ያለ አሮጌ የስዋሂሊ ከተማ ነው። መስጊዱ፣ ቤተ መንግሥቱና ግድግዳው በኮራል ድንጋይ የተሠራ ነው፣ የቻይና ሸክላ ሳይቀር ተገኝቶበታል። በ17ኛው ክፍለ ዘመን ሰዉ ጥሎት ወጣ፣ ለምን እንደሆነ እስካሁን ይከራከሩበታል። በ2024 ዩኔስኮ መዝግቦታል። ሜዳና ጥላ ስለሆነ ለእናትሽ ይመቻል። ጦጣ አለ፤ እዚህ ሐዋሳ አሞራ ገደል ሙዝ የተነጠቀ ሰው አይደነግጥም።

ሚሚ ዘሐዋሳ
ኑሩልኝ! ጠየቅኩት። መጀመሪያ «ችግር የለም» አለኝ፣ ስጨቀጭቀው አጣርቶ ጀልባው በኛ 4 ሰዓት እንደሆነ፣ ያኔ ውሃው ሞልቶ ከዳር እንደምንሳፈር ላከልኝ። ማሊንዲና ፎርት ጂሰስ ወጥተዋል፣ ዋጋውንም ቀነሰ። «በኤይት» ከሆቴል እወስዳችኋለሁ ብሏል፣ ይሄ በኛ 2 ሰዓት ነው አይደል?

አስጎብኚ ነኝ
አዎ፣ 2 ሰዓት ነው፣ ግን አትደርሱም። ዋታሙ ድረስ ከትራፊኩ ጋር ሁለት ሰዓት ተኩል ያዢለት። 12 ሰዓት ተኩል ላይ በር ላይ ይገኝ፣ በጽሑፍ ያረጋግጥልሽ። መጀመሪያ ጀልባው፣ ከዚያ ምሳ፣ ገዲ ቅርብ ስለሆነ ከምሳ በኋላ ይደረስበታል። ለማዘር የላስቲክ ጫማ ከዚሁ ከገበያ ግዢላቸው።