ቀለሙ አንቲቦዲው ላይ አልጣበቅ አለኝ፤ ምን አጠፋሁ?

የላብ ልጅ፦
ሰላም ሰዎች። ለማስተርስ ሥራዬ አንቲቦዲ (የበሽታ መከላከያ ፕሮቲን) ላይ የሚያበራ ቀለም መለጠፍ ነበረብኝ። ቀለሙ የኤንኤችኤስ ኤስተር ዓይነት ነው፣ ፕሮቲን ላይ የሚጣበቅበት ኬሚካላዊ እጅ ያለው። ትሪስ በሚባል በፈር (ፒኤች እንዳይለዋወጥ የሚይዝ ፈሳሽ) ውስጥ፣ ፒኤች 8 ላይ፣ አንድ ሰዓት አቆየሁት። በኮለም (ያልተጣበቀውን ቀለም ከፕሮቲኑ በሚለይ ቱቦ) ሳጠራው ቀለሙ በሙሉ ኮለሙ ውስጥ ቀረ፤ ፕሮቲኑ እንደ ውሃ ጥርት ብሎ ወጣ። ደገምኩት፣ ያው ነው። አንድ ብልቃጥ ቀለም ብቻ ነው የቀረኝ፣ እሱም ውድ ነው።

ላይሲን፦
ወንድሜ፣ ቀለምህን የበላው ትሪሱ ነው። ኤንኤችኤስ የሚፈልገው የላይሲንን (ፕሮቲኑ ውስጥ ያለ አሚኖ አሲድ) አሚን፣ ማለትም ናይትሮጅን ያለውን ጫፍ ነው፣ ትሪስ ደግሞ ራሱ አሚን አለው፣ ያውም ከፕሮቲንህ በብዙ እጥፍ። መጀመሪያ በፈሩን ወደ ባይካርቦኔት ቀይረው፤ 0.1 ሞላር፣ ፒኤች 8.3። ትሪስ መጨረሻ ላይ ነው የሚጠቅምህ፣ የተረፈውን ቀለም ለማስቆም።

የላብ ልጅ፦
እህትህ ነኝ 😀 ግን ፒኤቹ ከፍ ካለ ቶሎ አይጣበቅም? 9 ባደርገውስ?

አሮጌ ፒፔት፦
እንዳታደርጊው። ፒኤች ዝቅ ሲል ላይሲኑ ፕሮቶን ተሸክሞ አልነካም ይላል፤ ከፍ ሲል ደግሞ ውሃው ራሱ ኤስተሩን ይሰብረዋል። ፒኤች 8.6 ላይ፣ በ4 ዲግሪ እንኳ፣ ግማሹ በ10 ደቂቃ ገደማ ያልቃል። ብልቃጡንም ከፍሪዘር አውጥተሽ ወዲያው አትክፈቺ፣ እርጥበት ይስባል። ይሙቅ፣ ከዚያ በደረቅ ዲኤምኤስኦ (ውሃ በሌለበት ማሟሚያ) አሟሚውና ወዲያው ተጠቀሚበት።

ሰልፈር፦
እኔ ብሆን ላይሲኑን ትቼ ማሌይሚድ በሚባል ሌላ ኬሚካላዊ እጅ ሲስቴይን (ሰልፈር ያለው አሚኖ አሲድ) ላይ እለጥፍ ነበር። ፒኤች 7 ላይ ይሠራል፣ ትሪስም አያስቸግረውም። ላይሲን ላይ ቀለሙ የት እንደሚያርፍ አይታወቅም፣ የሎተሪ ነገር ነው።

አሮጌ ፒፔት፦
እሱ እውነት ነው፣ ግን መጀመሪያ የአንቲቦዲውን የሰልፈር ድልድዮች መክፈት ሊኖርባት ነው። አንድ ብልቃጥ ለቀራት ሰው አልመክርም። ደግሞ ላይሲንን አትናቀው! በ2013 የተፈቀደው የጡት ካንሰር መድኃኒት ካድሳይላ፣ መርዝ የተለጠፈበት አንቲቦዲ፣ መርዙን የተሸከመው ላይሲን ላይ ነው፤ በአማካይ በአንድ አንቲቦዲ 3.5 የመርዝ ሞለኪውል። ከከብት ልብ ሽፋን የሚሠራው የልብ ቫልቭም ግሉታራልዴሃይድ በሚባል ኬሚካል የሚጠነክረው ኮላጅኑ በላይሲኖቹ እርስ በርስ ስለሚታሰር ነው። ይልቅ አንቲቦዲው ዕቃ ላይ ምን ተጽፏል? ሌላ ፕሮቲን አለበት?

የላብ ልጅ፦
አሁን አየሁት። ቢኤስኤ (የከብት ደም ፕሮቲን) 1% ይላል። 🤦🏾‍♀️

ላይሲን፦
ኧረ ጉድ! ይሄማ በሚሊ ሊትር 10 ሚሊግራም ነው። እሱን ሳታወጪ ቀለሙን እንዳትነኪው፣ በሙሉ ቢኤስኤው ላይ ነው የሚያልቅብሽ።