የዶ ሃርሞኒካ ይዤ አምባሰል እንዴት ልጫወት?

ጥያቄ፦ የሆጤ ልጅ (ደሴ)
ሰላም ቤተሰብ። ባለ 10 ቀዳዳ ሃርሞኒካ አለኝ፤ ቁልፉ ዶ ነው። ሁለት ዓመት ብሉዝ ተለማመድኩበት፤ ያው ሁሉም እንደሚያደርገው በሁለተኛ ፖዚሽን። ሃርሞኒካው የዶ ቢሆንም ቤቴ፣ ማለትም ዜማው የሚያርፍበት ድምፅ፣ ሶል ነው፤ 2ኛው ቀዳዳ ሲሳብ የሚወጣው ድምፅ። ባለፈው ሰርግ ላይ የአክስቴ ልጅ በማሲንቆው አምባሰል ጀመረ። እኔም ገባሁበት። ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ፤ በደግ እንዳይመስላችሁ። አንድ ጓደኛዬ «ለሀገርኛ ክሮማቲክ መግዛት አለብህ» አለኝ፤ በሚጫን አዝራር ግማሽ ድምፆቹን ሁሉ የሚያወጣውን ሃርሞኒካ ማለቱ ነው። ዋጋውን ጠየቅሁና ዝም አልኩ። እውነት ያለ ክሮማቲክ አይሆንም?

ማሲንቆ ወዳድ (ወልዲያ)
የአክስትህ ልጅ በምን ድምፅ ነበር የጀመረው? እሱን ሳትጠይቅ ከገባህ ክሮማቲክም አያድንህም።

የሆጤ ልጅ
አልጠየቅኩም 😅

ሀይቅ ዳር
ወንድሜ፣ ምንም አትግዛ። በእጅህ ያለው ይበቃል። ችግርህ ቤትህ ነው።

አምባሰልን ከሚ ብትጀምረው ድምፆቹ ሚ፣ ፋ፣ ላ፣ ሲ፣ ዶ ናቸው። አየህ? ሶል ጭራሽ የለችም። አንተ ደግሞ ሁለት ዓመት ሙሉ ሶል ላይ ነው የኖርከው። ትንፋሽህ በልማድ ወደዚያ ሲሮጥ ሰዉ ዞሮ ቢያይህ ምን ይገርማል?

ፖዚሽን የሚቆጠረው አምስት አምስት ድምፅ እየወጡ ነው፦ ዶ አንደኛ፣ ሶል ሁለተኛ፣ ሬ ሦስተኛ፣ ላ አራተኛ፣ ሚ አምስተኛ፣ ሲ ስድስተኛ። ብሉዝ ተጫዋቾች አምስተኛው ላይ እምብዛም አይሄዱም። ለእኛ ግን አምባሰል ያለው እዚያ ነው፤ ያውም ያለ አንድ ቤንድ (በአፍ ድምፁን ዝቅ ማድረግ)። «ን» ንፋ፣ «ሳ» ሳብ ማለት ይሁን፦

5ን – 5ሳ – 6ሳ – 7ሳ – 7ን – 8ን

ሦስት ጊዜ ተከታትለህ ትስባለህ፤ 7ኛው ላይ ትገለብጣለህ። ከ7 ጀምሮ የሚሳበው ድምፅ ከሚነፋው ዝቅ ይላል፤ እዚያ ላይ ሁሉም ሰው ይሳሳታል። 4ሳ እና 6ንን ለጊዜው እርሳቸው፤ ሬ እና ሶል ናቸው። ብሉዝ ላይ እንደለመድከው ሦስት ቀዳዳ ባንዴ አትሳብ፤ አንድ አንድ ድምፅ ብቻ።

ባቲ ሰኞ ገበያ
አምባሰል አምባሰል ብላችሁ እኛን ረሳችሁን! ባቲ ማይነር ሦስተኛ ፖዚሽን ነው፤ ከሬ የሚነሳ፦ 4ሳ – 5ሳ – 6ን – 6ሳ – 7ን – 8ሳ። የቺካጎው ሃርሞኒካ ተጫዋች ሊትል ዋልተር ብሉዝ የተጫወተበት ፖዚሽን ነው፤ ስለዚህ የብሉዝ ጣዕሙም አይቀርብህም። ባቲ ሜጀር ከፈለግህ ደግሞ ከዶ፦ 4ን – 5ን – 5ሳ – 6ን – 7ሳ – 7ን።

ሀይቅ ዳር
እውነቱን ነው። ስለ ትዝታ ማይነርም ልጨምር፤ የአምባሰሏ አምስት ድምፆች ናቸው፤ ቤቱ ብቻ ወደ ላ ይዛወራል። 6ሳ – 7ሳ – 7ን – 8ን – 9ሳ – 10ሳ።

ማሲንቆ ወዳድ (ወልዲያ)
ቀዳዳ መቁጠሩ ጥሩ ነው፤ ግን ሃርሞኒካ እንደ ፒያኖ ድምፁ የተወሰነ ነው። ማሲንቆ ላይ የአምባሰል ሁለተኛዋ ድምፅ አንዳንዴ ትንሽ ዝቅ፣ አንዳንዴ ትንሽ ከፍ ትላለች፤ እንደ ተጫዋቹ። የማሪቱ ለገሰን አምባሰል ክፈትና መጀመሪያ በአፍህ አንጎራጉር። ከዚያ 5ሳን በጣም ትንሽ ጎተት አድርጋት። ከአክስትህ ልጅ ጋር አብራችሁ ስትጫወቱ ደግሞ የሚስተካከለው የእሱ ማሲንቆ ነው። የማሲንቆ ጭራ ማክረር ማላላት የደቂቃ ሥራ ነው፤ የአንተ ብረት አይላላም።

የሆጤ ልጅ
ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ትናንት ማታ ሞከርኩት፤ እናቴ ከጓዳ «እንዴ፣ አምባሰል!» አለች። በቃኝ። 7ኛው ላይ ግን አሁንም እሳሳታለሁ። አንቺ ሆዬስ ይሆናል?

ሀይቅ ዳር
ይሆናል፤ አንድ ቤንድ ግን ያስፈልጋል። ቤቱ ሲ ነው፤ ስድስተኛ ፖዚሽን፣ ብሉዞቹ ጨርሶ የሚሸሹት። 3ሳ – 4ን – 5ን – 5ሳ – 6ሳ በቤንድ – 7ሳ። 6ሳን ግማሽ ድምፅ ማውረድ አለብህ። እየሳብክ አፍህ ውስጥ ከ«ኢ» ወደ «ኡ» እንደምትሄድ አድርግ። ጉልበት አታብዛ፤ ካበዛህ ታንቃለች። እኔ ሁለት ወር ፈጅቶብኛል።

ጠዋት የምትለማመድ ከሆነ በደሴ ብርድ መጀመሪያ እጅህ ውስጥ አሙቀው። ሲቀዘቅዝ ትንፋሽህ ውስጡ ውሃ ይሆንና ስስ የናስ ምላሶቹን ይይዛቸዋል። ከዚያ ሰው ቀዳዳው ተበላሸ ብሎ ይፈታዋል፤ እንዳትፈታው።

የሆጤ ልጅ
ገባኝ። ለእሁድ የአክስቴን ልጅ ማሲንቆውን ሚ ላይ እንዲያደርገው ነገርኩት። «ሚ ምንድን ነው? አንተ ንፋና አሰማኝ» አለኝ።