ቤተ ክርስቲያናችን እንግዳ ትቀበላለች እንጂ አታስቀርም፤ ምን እናድርግ?

ጥያቄ፦ ከአንድ የኮሚቴ አባል

የተከበራችሁ ወንድሞችና እኅቶች፣ በምገለገልበት አጥቢያ የአዲስ መጪዎችን ጉዳይ እንዲከታተል በቅርቡ የተቋቋመው ኮሚቴ አባል ነኝ። ሥራው ሲሰጠን ቀላል መስሎን ነበር፤ ምእመኖቻችን ደጎች ናቸው፣ በር ላይ በፈገግታ የሚቀበሉ አስተናጋጆችም አሉን። ጥቂት ወራት በትኩረት ስንከታተል ግን ያስተዋልነው ነገር አሳፈረን። አዲስ ሰው ሦስት ወይም አራት እሑድ ይመጣል፣ ከዚያ ይጠፋል፤ መቼ እንደቀረ እንኳ በእርግጠኝነት የሚያስታውስ የለም።

አንድ ጎልማሳ ሰው ለአራት ተከታታይ ሳምንታት ከጸሎት በኋላ በመግቢያው ላይ ያለውን የማስታወቂያ ሰሌዳ ሲያነብ አየሁት። ሕዝቡ በየቡድኑ ሆኖ ሲጨዋወት እርሱ ጀርባውን ሰጥቶ፣ እጆቹን ወደ ኋላ አጣምሮ ያነባል። በአራተኛው ሳምንት ምን እንደሚያነብ ለማየት ጠጋ አልኩ፤ በሰሌዳው ላይ የነበረው ቀኑ ካለፈ ሁለት ወር የሞላው አንድ የስብሰባ ጥሪ ብቻ ነበር። ሰውየው የሚያናግረው ሰው እየጠበቀ እንደነበር የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ይሁን እንጂ አፌን ከመክፈቴ በፊት አንድ ወዳጄ ስለ መዘምራን ልምምድ ሊያወራኝ ጠራኝና ሄድኩ። ከዚያ ወዲህ ሰውየውን አላየሁትም።

በኮሚቴው ውስጥ አንዳንዶቻችን ተጨማሪ መርሐ ግብር ይዘጋጅ እንላለን፤ ሌሎች ደግሞ በሩን እጅግ ከከፈትነው ትምህርታችን ይላላል ብለው ይሰጋሉ። አካል ጉዳተኞች፣ ድሆች፣ ቋንቋችንን በቅጡ የማይናገሩ፣ ትዳራቸው የፈረሰ፣ ብቻቸውን የሚኖሩ ሰዎች ሁሉ እንደ ቤታቸው የሚያዩት ማኅበር ለመሆን በተግባር ምን ሠርታችኋል? ያልሠራላችሁንም ብትነግሩን እንጠቀማለን።

መልስ፦ በአስተናጋጅነት ካገለገለ ምእመን

ውድ ጠያቂ፣ ስለ ሰሌዳው የጻፉትን ሳነብ የራሴ ጥፋት ትዝ አለኝ። ለአሥራ ሁለት ዓመት በር ላይ ቆሜ አገልግያለሁ፤ በር ላይ ያለው ሰላምታ አብዛኛውን ጊዜ ችግር የለበትም። ሰው የሚጠፋን ከቡራኬው በኋላ ባሉት አሥር ደቂቃዎች ነው። በዚያ ሰዓት እያንዳንዱ ሳምንቱን ሙሉ ያላየውን ወዳጁን ይፈልጋል፤ ይህም በራሱ ነውር የለበትም፣ ነገር ግን ወዳጅ የሌለው ሰው በሕዝብ መካከል ብቻውን ይቆማል። እኛ ዘንድ ሃያ የሚያህሉ ምእመናን እነዚያን አሥር ደቂቃዎች ለማያውቁት ሰው ለመስጠት ቃል ገቡ፤ በኃላፊነት ላይ ያለንም የአገልግሎት ጉዳይ በዚያ ሰዓት ላናነሣ ተስማማን። ከሁሉም ይልቅ ቃሉን ለመጠበቅ የተቸገርነው እኛ ኃላፊዎቹ እንደነበርን ሳልደብቅ እናገራለሁ።

ያልሠራልንን ከጠየቁ፣ እንግዳን በጉባኤ መካከል አስነሥቶ ማስተዋወቅ ነው። ተጫዋች ለሆነ ሰው ደስታ ሊሆን ይችላል፤ ሐዘን ላይ ላለ፣ ለዓይን አፋር፣ ወይም በሌላ ማኅበር ቆስሎ ለመጣ ሰው ግን ቅጣት ነው። በእርሱ ፋንታ ስም መያዝን ተለማመድን። አስተናጋጁ ስሙን ጠይቆ በትንሽ ደብተር ይጽፋል፤ በሁለተኛው ሳምንት በስሙ ይጠራዋል፤ ሳይመጣ ሁለት ሳምንት ካለፈ ደግሞ አንድ ሰው ብቻ፣ ያውም ያናገረው ሰው፣ ስልክ ይደውላል። አምስት ሰው ሲደውል ፍቅር መሆኑ ይቀርና ቁጥጥር ይመስላል።

ስለ መቀመጫም አንድ ነገር ልበል። የያዕቆብ መልእክት በምዕራፍ 2 የወርቅ ቀለበት ያደረገውን ሰው በመልካም ስፍራ አስቀምጠው ድሀውን «ወደዚያ ቁም» የሚሉትን ይወቅሳል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን በእንግሊዝና በአሜሪካ ብዙ አብያተ ክርስቲያናት መቀመጫ ያከራዩ ነበር፤ ቤተሰቡ ከፍሎ የራሱን ስፍራ ይይዛል፣ መክፈል የማይችለው በተረፈው ይቀመጣል። ኪራዩ ዛሬ ቀርቷል፤ «ይቅርታ፣ ይህ የእማማ ቦታ ነው» የሚለው ግን አልቀረም። በሦስተኛው ክፍለ ዘመን በሶርያ አካባቢ እንደተጻፈ የሚታመነው ዲድስቅልያ የተባለው የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት መጽሐፍ፣ ድሀ ሰው መጥቶ ቦታ ቢታጣ ኤጲስ ቆጶሱ ራሱ መሬት ላይ ተቀምጦም ቢሆን ቦታ እንዲያዘጋጅለት ያዝዛል። እኔ ይህን ካነበብኩ በኋላ የመጨረሻዎቹን ሁለት ረድፎች ለማንም እንዳይያዙ አደረግን፤ ዘግይቶ የመጣ ወይም ቶሎ መውጣት የሚፈልግ ሰው በሁሉ ፊት እንዳያልፍ ነው።

መልስ፦ በተሽከርካሪ ወንበር ከሚንቀሳቀስ ምእመን

ከላይ የተጻፈው መልካም ነው፤ እኔ ግን ከበሩ አልፌ ወደ አሥሩ ደቂቃ ለመድረስ መጀመሪያ ደረጃውን መውጣት አለብኝ። በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 2 አራት ሰዎች ሽባውን ተሸክመው ሲመጡ ሕዝቡ በሩን ስለ ሞላው ጣራውን ነደሉ። ብዙ ጊዜ ስለ አራቱ እምነት ይሰበካል፤ በሩን ስለዘጋው ሕዝብ ግን ሲሰበክ ሰምቼ አላውቅም። ያ ሕዝብ እኮ ክፉ አልነበረም፤ ቃሉን ለመስማት የተሰበሰበ ነበር።

ሥራ ሲጀመር ቁጥሩን እወቁት። በስፋት የሚሠራበት የመወጣጫ መለኪያ አንድ ለአሥራ ሁለት ነው፤ ይኸውም ለአንድ ሳንቲ ሜትር ከፍታ አሥራ ሁለት ሳንቲ ሜትር ርዝመት ያስፈልጋል ማለት ነው። እያንዳንዳቸው 15 ሳንቲ ሜትር የሆኑ ሦስት ደረጃዎች ካሉ መወጣጫው 5 ሜትር ከ40 ሳንቲ ሜትር ሊረዝም ይገባል። አንድ ጣውላ ደረጃው ላይ ተጋድሞ «ሠርተንልሃል» ሲባል አይቻለሁ፤ በእርሱ ላይ ሰው አይወጣም፣ ይወድቃል እንጂ። ከገባሁ በኋላም መተላለፊያው መካከል ወይም ከኋላ ግድግዳው ሥር እንዳልቀመጥ ከአንድ ረድፍ መካከል ሁለት ወንበር አንሡልኝ፤ ያን ጊዜ ከባለቤቴ ጎን እቀመጣለሁ።

መስማት ለሚቸግራቸው ደግሞ ድምፅ ማጉያውን ከፍ ማድረግ ብዙ አይጠቅምም፤ የአዳራሹ ማስተጋባትም አብሮ ከፍ ይላልና። በወለሉ ዙሪያ የሚዘረጋ ሽቦ የተናጋሪውን ድምፅ ተቀባይ ወዳለው የጆሮ መስሚያ በቀጥታ የሚያደርስበት ዘዴ አለ። መዝሙሩን በትልቅ ፊደል አሥር ወይም ሃያ ቅጂ አትሞ ማስቀመጥ ደግሞ ወረቀት ብቻ ይጠይቃል። የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ ካላችሁ መብራት ያለበት ቦታ አቁሙት፤ በጨለማ የቆመ አስተርጓሚ ዝም ካለ ሰባኪ አይለይም።

ይህ ሁሉ ሲሟላም አንድ ነገር ይቀራል። በሄድኩበት ሁሉ ማለት ይቻላል ስሜን ሳይጠይቅ እጁን በራሴ ላይ ጭኖ ለፈውስ መጸለይ የሚጀምር ሰው አይጠፋም። በጸሎት አምናለሁ፤ ጸልዩልኝ ያልኩበት ጊዜም ብዙ ነው። ነገር ግን እኔ በዚያ ቀን የመጣሁት ለማመስገን ወይም ስለ ልጄ ፈተና ለመጸለይ ሊሆን ይችላል። ኢየሱስ ዕውሩን በርጤሜዎስን እንኳ «ምን ላደርግልህ ትወዳለህ?» ብሎ ጠይቆታል፤ እኛ ከእርሱ ይልቅ የምናውቅ መምሰላችን ይገርመኛል።

መልስ፦ ከአንዲት የሰንበት ትምህርት ቤት መምህርት

እስካሁን የተነገረው ሁሉ እኛ አስተናጋጆች፣ እነርሱ እንግዶች የሚል ሐሳብ ከሥሩ አለው፤ ጠያቂው «በር መክፈት» ሲሉም ቁልፉ በእኛ እጅ ነው ማለታቸው ነው። የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6 ላይ የግሪክ ቋንቋ የሚናገሩት አይሁድ መበለቶቻቸው በዕለታዊው እርዳታ ስለተረሱ አንጐራጐሩ። ሐዋርያት የቅሬታ ሳጥን አላቆሙም፤ ሥራውን ለሰባት ሰዎች አስረከቡ። ስማቸውን ተመልከቱ፦ እስጢፋኖስ፣ ፊልጶስ፣ ጵሮኮሮስ፣ ኒቃሮና፣ ጢሞና፣ ጳርሜና፣ ኒቆላዎስ። ሁሉም የግሪክ ስሞች ናቸው። ከዚህ ተነሥቼ የምረዳው፣ ማዕዱ በቅሬታ አቅራቢዎቹ ወገን ላሉ ሰዎች እጅ መሰጠቱን ነው፤ መበለቶቹም ከዚያ በኋላ ተረሱ የሚል አናነብም።

ሥልጣን ሳይጋራ ቦታ ብቻ ሲሰጥ ምን እንደሚከተል ደግሞ ታሪክ ያሳየናል። በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በፊላደልፊያ ጥቁር ምእመናን በገንዘባቸው አስተዋጽኦ ባደረጉበት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ከእነርሱ አንዱ የሆነው አብሳሎም ጆንስ ተንበርክኮ እየጸለየ ሳለ ነጮቹ ኃላፊዎች ከቦታው እንዲነሣ ጎተቱት። ጸሎቱ እስኪያልቅ ብቻ እንዲታገሡት ለመናቸው፤ አልታገሡትም። እርሱና ሪቻርድ አለን ከወገኖቻቸው ጋር ወጥተው ሄዱ፤ በ1816 የአፍሪካ ሜቶዲስት ኤጲስ ቆጶሳዊት ቤተ ክርስቲያን በአለን መሪነት ራሷን ችላ ቆመች። መዋጮ ለመቀበል እኩል፣ ለመንበርከክ ግን እኩል ያልሆነ ማኅበር ሰዎቹን ይዞ ሊቆይ አልቻለም።

ስለዚህ ጠያቂውን መልሼ ልጠይቅ፦ ኮሚቴዎ ውስጥ ካለፉት ሦስት ዓመታት ወዲህ የመጣ ሰው አለ? ቋንቋችሁን በቅጡ የማይናገር፣ ድሀ፣ አካል ጉዳተኛ የሆነስ? ከሌለ የምትወያዩት በሌሉ ሰዎች ላይ ነው።

መልስ፦ ከአንድ አረጋዊ ካህን

ልጄ መምህርት የጻፈችውን በአመዛኙ እቀበላለሁ። ይሁን እንጂ ኃላፊነትን ማካፈልና መቸኮል አንድ አይደሉም፤ ጳውሎስም ለጢሞቴዎስ ሲጽፍ አዲስ አማኝ በኤጲስ ቆጶስነት እንዳይሾም አሳስቧል። በተለይ ሕፃናትን የሚያስተምር ማንኛውም ሰው፣ ነባርም ይሁን አዲስ፣ ማንነቱ ሳይጣራና ሁለተኛ አዋቂ ሳይኖር ብቻውን አይተው። አዲሱን ብቻ ማጣራት ስድብ ነው፤ ሁሉን ማጣራት ግን ጥንቃቄ ነው።

ትምህርታችን ይላላል ለሚለው ሥጋት ኢትዮጵያዊውን ጃንደረባ አስቡት። በዘዳግም 23 ሕግ እንደ እርሱ ያለ ሰው ወደ እግዚአብሔር ጉባኤ አይገባም ነበር። በሠረገላው ሆኖ ያነብ የነበረው ኢሳይያስ 53ን ነው፤ ሦስት ምዕራፍ ቢያልፍ ኖሮ ለጃንደረባውና ለባዕዱ በእግዚአብሔር ቤት ስፍራ እንደሚሰጣቸው የሚናገረውን ቃል ያገኝ ነበር። ፊልጶስ ትምህርቱን አላሳጠረለትም፤ አጠገቡ ተቀምጦ መጽሐፉን ተረጐመለት። ውኃ ሲያዩ ጃንደረባው «እንዳልጠመቅ የሚከለክለኝ ምንድር ነው?» አለ። ፊልጶስ ኮሚቴ አልጠራም። እኔ በዘመኔ ሰው በትምህርታችን ጥብቅነት ሲሄድ አይቻለሁ፤ የሚያስተምረው ወይም አጠገቡ የሚቀመጥ አጥቶ የሄደው ግን እጅግ ይበዛል። ትዳራቸው የፈረሰባቸውን ሰዎች ጉዳይ ጠያቂው በአንድ ቃል አልፎታል፤ እነዚህን የሚያርቃቸው ብዙ ጊዜ ቀኖና ሳይሆን እነርሱ ሲገቡ የሚቋረጠው ወሬ ነው።

ምላሽ፦ ከጠያቂው

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የመምህርቷን ጥያቄ ለኮሚቴው አቅርቤው ነበር። ሰባት ነን፤ ሰባታችንም እዚሁ አጥቢያ ያደግን ነን። ከብዙ ክርክር በኋላ ሁለታችን ወርደን በቅርብ ከመጡት ሁለት ሰዎች እንዲተኩን ተስማምተናል፤ ከሚወርዱት አንዱ እኔ ነኝ፣ እውነቱን ለመናገር ቅር ሳይለኝ አልቀረም። ደረጃችንን ለካን፤ አራት ስለሆነ ከ7 ሜትር በላይ መወጣጫ ያስፈልገናል፣ ግቢው ግን አይበቃም፤ ስለዚህ በጎን ያለውን ሁልጊዜ የሚቆለፈውን በር ዋና መግቢያ እናደርገው እንደሆነ እየተነጋገርን ነው። እርሱ ደረጃ የለውም። ሁላችንም በአንድ በር እንግባ የሚለው ሐሳብ የመጣው ከአንዲት አሮጊት ምእመናችን ነው፤ ጉልበታቸውን ያማቸዋል።

ሰሌዳው ላይ የነበረውን ማስታወቂያ ትናንት አንሥቼዋለሁ። ሰውየውን ለመፈለግም ሞክሬ ነበር፤ ስሙን የጠየቀው ሰው ግን አላገኘሁም።