ጃፓን ስመጣ ሻይ መምታትና የእጅ ሥራ የት ልሞክር? ለምትሉ ጥቆማ

በኅዳር ለሥልጠና ኦሳካ የምትመጣ እህታችን "ሁለት ቅዳሜና እሁድ ብቻ ነው ያለኝ፤ የሻይ ሥርዓትና የእጅ ሥራ በራሴ እጅ የምሞክርበት ቦታ ጠቁሙኝ፤ ለፎቶ ብቻ የሆነውን ግን አልፈልግም" ብላ ጠይቃኝ ነበር። መልሱን ስጽፍላት ረዘመብኝ፤ ሌሎቻችሁም ደጋግማችሁ ስለምትጠይቁኝ ለሁላችሁም ይሁን። ኦሳካ ስኖር ስድስተኛ ዓመቴ ነው። ከአገር ቤት እንግዳ በመጣ ቁጥር አስጎብኚው እኔ ስለሆንኩ ጥሩውንም መናኛውንም ከኪሴ ከፍዬ አይቼዋለሁ። (ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

እዚህ አገር እንዲህ ያለውን ነገር "ታይከን" ይሉታል፤ ሞክሮ ማየት እንደማለት ነው። ሰሌዳው ላይ "ታይከን" የጻፈ ሁሉ ግን አንድ አይደለም። መጀመሪያ የሄድኩበት ቤት (ስሙ ይቅር፤ ኪዮቶ ውስጥ ቱሪስት የሚርመሰመስበት ሰፈር ነው) 75 ደቂቃ ብሎ አስከፈለኝ። 40 ደቂቃው ኪሞኖ ማልበስ፣ 20ው ፎቶ ሆነና ለሻዩ 15 ደቂቃ ተረፈው። እሱንም አስተናጋጇ መትታ ሰጠችን እንጂ እኔ መምቻውን (የሻይ ዱቄቱ ከሙቅ ውሃ ጋር አረፋ እስኪይዝ የሚመታበትን የቀርከሃ ብሩሽ) የጨበጥኩት ለካሜራ ነው። ከዚያ ወዲህ ከመመዝገቤ በፊት "ሻዩን የምመታው እኔ ነኝ ወይስ እናንተ?" ብዬ እጠይቃለሁ። መልሱ ዙሪያ ጥምጥም ከሆነ አልሄድም። ኪሞኖ ካማረሽ ለብቻው ተከራይተሽ ቀኑን ሙሉ ብትንሸራሸሪበት ይሻላል።

ኦሳካ ለምታርፍ ሰው መጀመሪያ የምለው ከኦሳካ አጠገብ ያለችውን ሳካይ ከተማን ነው። ሁሉም ወደ ኪዮቶ ስለሚሮጥ ይዘሏታል። የሻዩን ሥርዓት ዛሬ በምናውቀው መልክ ያስያዘው ሴን ኖ ሪክዩ (1522–1591) እኮ የሳካይ ነጋዴ ልጅ ነው። የመኖሪያ ቤቱ ቦታ ነው ከሚባለው አጠገብ "ሳካይ ሪሾ ኖ ሞሪ" የሚባል የከተማው ሙዚየም በ2015 ተከፍቷል። ከሪክዩ የሚወርዱት ሦስቱ የሻይ ሥርዓት ትምህርት ቤቶች፣ ኦሞተሴንኬ፣ ኡራሴንኬና ሙሻኮጂሴንኬ፣ እዚያ በየተራ ሻይ ያቀርባሉ፤ ራስሽ የምትመቺበት ክፍለ ጊዜም አለ፣ እሱን ለይተሽ ጠይቂ። ሪክዩ የሠራት "ታይአን" የምትባለው የሻይ ክፍልም ቅጂዋ ሙዚየሙ ውስጥ ተሠርቷል፤ ስፋቷ ሁለት ታታሚ (የወለል ሰሌን) ነው። የእኛን የቡና ረከቦትና አንድ ሰፊ ጎረቤት ብታስገቢባት ትሞላለች። ኦሳካ ካለው ቴኖጂ ጣቢያ ሃንካይ በሚባለው አሮጌ ትራም ሄደሽ ሹኩይን ላይ ትወርጃለሽ። ትራሙ ራሱ የሚወደድ ነው፣ በሰው ጓሮ መሃል እየተንገጫገጨ የሚሄድ።

ጉልበትሽን ከፈራሽ (ፍሪ፤ ተንበርክኮ 20 ደቂቃ መቀመጥ እግር የማን እንደሆነ ያስረሳል) በወንበርና በጠረጴዛ የሚቀርበውን "ርዩሬይ" የሚሉትን ጠይቂ። ለሰነፍ የተፈለሰፈ እንዳይመስልሽ፤ በ1872 ኪዮቶ ውስጥ ኤግዚቢሽን ሲደረግ ለውጭ እንግዶች ብሎ ኡራሴንኬ ያመጣው ነው።

አንድ ቀን ሙሉ መስጠት ከቻልሽ ደግሞ ኡጂ። ከኪዮቶ ጣቢያ በጄአር ናራ መስመር ግማሽ ሰዓት አይሞላም። ኅዳር ላይ ቅጠሉ ሲቀላ ኪዮቶ መተላለፊያ ስለማይኖራት ይህም አንድ ምክንያት ነው። ኡጂ የሻይ አገር ናት፤ ከባቡር ስትወርጂ የሚቆላ ሻይ ይሸትሻል። ድልድዩ ሥር ከ1160 ጀምሮ ያለ ፁኤን የሚባል ሻይ ቤት አለ። እኔ እንግዳ የምወስደው ግን ወንዙን ተሻግሬ ፉኩጁኤን የሚባለው የ1790 የሻይ ነጋዴ ወደ ከፈተው የሥራ ቤት ነው፤ ማቻን (የሚመታውን የሻይ ዱቄት) በድንጋይ ወፍጮ ራስሽ ትፈጪበታለሽ።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ከሁሉም የበለጠ የወደድኩት ይህን ስለሆነ ነው። ማቻ ተራ አረንጓዴ ሻይ ተፈጭቶ አይደለም። ቅጠሉ ከመለቀሙ በፊት ለሦስት ሳምንት ያህል ጥላ ይለብሳል፤ ከዚያ በእንፋሎት ተመትቶ፣ ደርቆ፣ ጅማቱና ዘንጉ ተለቅሞ "ቴንቻ" የሚባል ስስ ፍልቃቂ ይሆናል። ከፊትሽ የሚቀመጠው ያ ነው፣ ከአጠገቡ ሁለት ክብ ድንጋይ። ከላይ ባለው ቀዳዳ በቁንጥር ትጨምሪና እጀታውን ይዘሽ ወደ ግራ ታዞሪያለሽ። እናቴ በርበሬ ስትፈጭ እያየሁ ስላደግኩ ወፍጮ አውቃለሁ ብዬ በጉልበት ጀመርኩት። ሴትየዋ እጄን በእጇ ያዘችና አቀዘቀዘችው። ድንጋዩ ከፈጠነ ይሞቃል፣ ከሞቀ መዓዛው ይሄዳል። አንድ ወፍጮ በሰዓት 40 ግራም ገደማ ብቻ ነው የሚያወጣው፤ በእጅ ስታዞሪው ደግሞ ክንድሽ እስኪዝል የምታገኚው አንድ ሁለት ማንኪያ ነው። ዱቄቱ በድንጋዩ ጠርዝ ዙሪያ ሲወጣ እንደ ሽሮ አይፈስም፤ እንደ ጭስ ይለጠፋል። በትንሽ ብሩሽ ትጠርጊውና መትተሽ ትጠጪዋለሽ። ማቻ ለምን እንደሚወደድ ከዚያ በኋላ ማንም ሊያስረዳሽ አያስፈልግም።

ኡጂ ውስጥ ዋጋው ቀለል ያለ ከፈለግሽ ቢዮዶኢን ቤተ መቅደስ አጠገብ ማዘጋጃ ቤቱ የሚያስተዳድረው ታይሆአን አለ። (ቢዮዶኢንን በኪስሽ ይዘሽው ነው የምትዞሪው፤ የ10 የን ሳንቲም ላይ ያለው ሕንፃ ነው።) ሥርዓቱ ንጹህ ነው፤ ከጣፋጭ ጋር በክብር ያስተናግዱሻል። ግን በመሠረቱ እንግዳ ነሽ፤ እጅሽ ብዙ አይሠራም። ስለዚህ ወፍጮውንና ይህንን አንድ ላይ አድርጊው።

ሥነ ሥርዓቱ አይደለም፣ ቤቴ ስመለስ ሻይ በትክክል ማዘጋጀት ነው የምፈልገው ካልሽ ኪዮቶ ቴራማቺ መንገድ ላይ ኢፖዶ የሚባል ሻይ ሻጭ አለ፤ የ1717 ቤት ነው። የሻይ ክፍላቸው ውስጥ ያዘዝሽውን ሻይ ራስሽ ነሽ የምታዘጋጂው፤ ሠራተኞቹ አጠገብሽ ሆነው ያሳዩሻል። "ጊዮኩሮ" የሚሉትን ምርጥ አረንጓዴ ሻይ እዘዢ። ውሃው 60 ዲግሪ ገደማ እስኪወርድ ከሲኒ ሲኒ እያገላበጥሽ ታበርጂዋለሽ። ቡና በፈላ ጀበና ለለመደ ሰው ሻይ በለብ ያለ ውሃ ማለት ስድብ ነው የሚመስለው፤ ጣዕሙ ግን ሻይ ሳይሆን መረቅ ነው፣ ምላስ ላይ ይቆያል። ያን ቀን ዘመዴ "ይሄ ነገር ጨው አለው እንዴ?" አለችኝ።

የእኛ ሰው ሁልጊዜ "ከቡናችን ጋር ይመሳሰላል?" ብሎ ስለሚጠይቅ፦ አንድ ነገር ይመሳሰላል። በሙሉው ግብዣ (እስከ አራት ሰዓት የሚሄደው ማለቴ ነው) መጀመሪያ የሚቀርበው ወፍራሙ "ኮይቻ" ነው፣ ቀጥሎ ቀጭኑ "ኡሱቻ"። አቦል ቀድሞ ቶና እንደሚከተል። ኮይቻውን እንግዶቹ በልማድ ከአንድ ጎድጓዳ ነው የሚቀባበሉት። ታይከን ላይ የምታገኚው ግን ኡሱቻውን ነው። ወሬውን አትጠብቂ፤ እኛ ቡና ላይ ሰፈሩን ሁሉ እናነሳለን፣ እነሱ ስለ ጎድጓዳውና ግድግዳው ላይ ስለተሰቀለው ጽሑፍ ጠይቀው ዝም ይላሉ።

መምቻውን (ቻሰን) መግዛት ለምትፈልጉ፦ ርካሹ በአብዛኛው ከውጭ የገባ ነው። የአገሩ ከ90 በመቶ በላይ የሚሠራው ናራ ክፍለ ሀገር፣ ኢኮማ ውስጥ ባለችው ታካያማ መንደር ነው። አንዱ መምቻ ከአንድ ቁራጭ ቀርከሃ የሚወጣ ነው፤ ሙጫ የለው፣ ሚስማር የለው። ባለሙያው ጫፉን 80 ወይም 100 ቦታ ሰንጥቆ በቢላ እያሳሳ ሲጠቀልለው ማየት ብቻውን መንገዱን ይክሳል። ጎብኚ እንዲሞክር የሚሰጠው መጨረሻ ላይ ክሩን በጥርሶቹ መሃል ማሳለፍ ነው። ቀላል ይመስላል። የእኔ ክር ሁለቴ ተፈታ።

ጣፋጭ መሥራት (ዋጋሺ) አጭር፣ ንጹህ፣ ለልጆችም የሚሆን ነው። ኪዮቶ ውስጥ ካንሹንዶ የሚባለው የ1865 ቤት ያስተምራል፤ አበባና ቅጠል ቀርጸሽ ከማቻ ጋር ትበያለሽ። ለእኛ ጥቅሙ ሌላ ነው፦ በእኛ አቆጣጠር ኅዳር 15 የነቢያት ጾም ይገባል። "ኔሪኪሪ" የሚሉት ነጭ ባቄላ፣ ስኳርና የሩዝ ሊጥ ነው፤ ቅቤም ወተትም የለው። ማቻውም በውሃ ብቻ ነው የሚመታው። እንቁላል የሚገባበት ዓይነት ስላለ (ኬክ መሰሎቹን ዶራያኪና ካስቴላን ተዪ) ስትመዘገቢ ጠይቂ።

ከሻይ ውጭ፣ ቶኪዮ የምታልፉ ከሆነ ኒሆንባሺ ውስጥ ኦዙ ዋሺ አለ፤ ከ1653 ጀምሮ ወረቀት የሚሸጥ። ወረቀት ራስሽ ሠርተሽ፣ አድርቀሽ፣ በዚያው ቀን ይዘሽ ትወጫለሽ። "ኮዞ" ከሚባል ዛፍ ልጥ የወጣው ጭረት ገንዳ ውስጥ ይንሳፈፋል፤ ውሃው ውስጥ ከአንድ ተክል ሥር የወጣ ልጋግ ይጨመራል፣ ልክ የተልባ ውሃ ነው፣ እጅ ላይ የሚሳበው ሁሉ ሳይቀር። ያ ባይኖር ጭረቱ ታች ይዘቅጣል እንጂ አይሰራጭም። ወንፊቱን ከፍ ዝቅ እያደረግሽ ስታናውጪ ወረቀቱ ከምንም ሲፈጠር ታያለሽ። ዮፅጊ ያሉ ወገኖቻችንን ለመጠየቅ ካፁሺካ ወደሚባለው የቶኪዮ ክፍል ለምትሄዱ በባቡር ሩቅ አይደለም፤ አንድ ቀን ላይ ይደርሳል።

የኢንዲጎ ቀለም ነከራ ወዳጆች ቶኩሺማ ሂዱ፤ አይዙሚ ውስጥ "አይ ኖ ያካታ" የሚባለው ሙዚየም መሃረብ ያስነክራል። ጨርቁ ከጋኑ ሲወጣ አረንጓዴ ነው፤ አየር ሲነካው ዓይንሽ እያየ ሰማያዊ ይሆናል። ጥፍርሽም አብሮ፣ ለቀናት። ከኦሳካ በአንድ ቀን ደርሶ መልስ ግን አድካሚ ነው።

ሸክላ? ለአጭር ጊዜ ለመጣ ሰው አልመክርም። የሠራሽው ደርቆ፣ ተተኩሶ፣ ተቀብቶ እስኪያልቅ አንድ ሁለት ወር ይፈጃል፤ እዚህ አድራሻ ከሌለሽ የፖስታው ዋጋ ሲኒ ሙሉ ስብስብ ይገዛል።

አሁን ብዙ የምትጠይቁኝን ኪንፁጊን ላምጣው፤ የተሰበረ ዕቃ በወርቅ መጠገን የሚሉትን። እናቴ የላከችልኝ አንድ ሲኒ ለሁለት ተከፈለችብኝና ይዣት ሄድኩ። የሁለት ሰዓት ትምህርት ነበር። አጣበቅኩ፣ ብልጭልጩን ቀባሁ፣ አለቀሰች የሚባል ያህል አማረች። ስወጣ አንዲት ወረቀት ሰጡኝ፦ "ለጌጥ ብቻ፤ ምግብና መጠጥ አይደረግበት።" ማጣበቂያው ኢፖክሲ የሚሉት የፋብሪካ ሙጫ፣ ወርቁ የናስ ዱቄት ነበር። እኔም ልቤ አልችል ብሎ ቡና ቀዳሁባት፤ ሦስተኛው ቀን ላይ ስንጥቁ ተከፈተ። አልዋሹኝም፤ ግን ያችን ወረቀት መግቢያ ላይ ቢሰጡኝ ኖሮ አልገባም ነበር።

እውነተኛው በኡሩሺ፣ ከዛፍ በሚወጣ ፈሳሽ ነው የሚሠራው። የስንዴ ዱቄት በውሃ ለውሰሽ ኡሩሺ ትቀላቅይበታለሽ፤ እንደ ሊጥ ይሳባል፤ ያ ነው ማጣበቂያው። ከዚያ ክፍተቱን በአፈር ዱቄትና በኡሩሺ መድፈን፣ መሞረድ፣ ጥቁሩን መቀባት፣ በመጨረሻ ቀዩን ቀብቶ ወርቁን መነስነስ። በየመሃሉ ቀናት ወይም ሳምንታት መጠበቅ አለ። የሚገርመው ኡሩሺ የሚጠነክረው በደረቅ አየር ሳይሆን በእርጥበት ነው፤ ስለዚህ ፀሐይ ላይ አይሰጣም። ጓንት ግድ ነው፤ ያሳክካል። ከማንጎ ጋር አንድ ቤተሰብ ነው፣ የማንጎ ልጣጭ ቆዳውን የሚያስቆጣው ሰው ይቅርበት። ስትጠይቂ "ኡሩሺ ነው ወይስ ኢፖክሲ? ስንት ጊዜ እመጣለሁ?" በዪ። "አንድ ጊዜ" ካሉሽ ጌጥ ነው። ለሁለት ሳምንት ለሚመጣ ሰው አይሆንም፤ እዚህ ለምትማሩት ግን ከሁሉ የበለጠው ይህ ነው።

"ማቻ ገዝቼ ልምጣ?" ላልሽኝ፦ ከ2024 መኸር ወዲህ ፈላጊው በዝቶ ትልልቆቹ ቤቶች ሽያጭ ሲገድቡ ቆይተዋል። የፈለግሽው ዓይነት ባይኖር አትደነቂ፣ ትንሹን ቆርቆሮ ውሰጂ፤ ከተከፈተ ቶሎ ያልቅበታል። በወንፊት ሳትነፊው አትምቺው፤ ይጓጉላል።

በአጭሩ ለአንቺ፦ የመጀመሪያው ቅዳሜ ሳካይ፣ እሁድ ማረፍ፣ ሁለተኛው ቅዳሜ ኡጂ ከወፍጮው ጋር፣ እሁድ ጠዋት ዋጋሺ። ታካያማን ጊዜ ከተረፈሽ።

ሲኒዬ አሮጌው ማጣበቂያ ተፍቆላት፣ ጥቁሩን ለሁለተኛ ጊዜ ተቀብታ፣ እርጥብ ጨርቅ ባለበት ካርቶን ውስጥ ተቀምጣለች። ወርቁ የሚነሰነሰው ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። ኅዳር ላይ ስትመጪ ቡናሽን በእሷ እቀዳልሻለሁ።